አራቱም ወደ ግራ አይታጠፉም

ሃማማትሱ፣ ጃፓን፣ የሄይሴይ አንደኛ ዓመት (1989) ክረምት

ጁን 4፣ እሑድ

ዋና አዘጋጃችን ሂራይዋ እሑድ ጠዋት ቤት ድረስ ደወለ። እሑድ የሚደውል አለቃ ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ ሐሳብ መጥቶለታል። ሰው አልሞተም።

«ኩሬባያሺ፣ አራቱን እናፋጃቸው» አለኝ። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪ፣ ካዋሳኪ። ሁሉም ባለ አራት መቶ ሲሲ፣ ሁሉም የስፖርት ሞተር፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጎማ፣ በአንድ ሜዳ። በሴፕቴምበር እትማችን ላይ ንጉሡን ልንቀባ ነው።

«ሁለት ጎማ» መጽሔት ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳነግሥና ሳወርድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልደነገጥኩም። ግን ልብ ይባልልኝ። ኩባንያዎቹ ተስማምተው አራት መቶውን ሁሉ በሃምሳ ዘጠኝ የፈረስ ጉልበት ወስነውታል። በስድሳው ወጣቱ ሁሉ ያልቃል፣ በሃምሳ ዘጠኙ ግን መቶ ዓመት ይኖራል ማለት ነው። እንግዲህ ሥራዬ በቁመት የተካከሉ አራት እህትማማቾችን አሰልፎ ቆንጆዋን መምረጥ ነው። ልዩነቱን የምንፈጥረው እኛ ነን፣ በቅጽል። ሆንዳ ጨዋ፣ ያማሃ ቄንጠኛ፣ ሱዙኪ ቀበጥ፣ ካዋሳኪ ጉልቤ። በእነዚህ አራት ቃላት ልጄን አሳድጌ ድሬያለሁ።

ሂራይዋ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ጭንቅላትህስ? ሐኪሙ ጨርሰሃል አለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጨርሻለሁ አልኩት። የማርቹ ነገር ለወሬ አይበቃም። እርጥብ አስፋልት ላይ ትንሽ ጋደም አልኩ፣ ሄልሜቱ ተሰነጠቀ፣ ሆስፒታል አሳደሩኝ። ለክትትል ተመለስ ብለውኝ ነበር። ሐኪሙ የሚነዳው ባለ ቅርጫት ስኩተር ነው። እንዲህ ካለ ሰው ምክር አልወስድም።

ጁን 9፣ ዓርብ

ኦኩሙራ ፀጉር ቤት። ሰውየው ካዋሳኪ አለው፤ ከሚስቱ ቀጥሎ ይወደዋል ይላሉ፣ ሚስቱ ግን ቅደም ተከተሉን አታምንበትም። ምላጩን ማንቁርቴ ላይ አሳርፎ፣

«አራቱን ልታወዳድር ነው አሉ። ማን ያሸንፋል?» አለኝ።

እንዲህ ባለ ሰዓት የሚያሸንፈው ካዋሳኪ ነው። ነገርኩት።

«እኔም እንደዛ ነው የምለው። ሆንዳ የሚነዳ ሰው እኮ ካልሲውን በቀን በቀን ለይቶ የሚያስቀምጥ ነው። ያማሃ የሚነዳው የሱቅ መስታወት ባየ ቁጥር ቆሞ ራሱን ያያል። ሱዙኪ የሚነዳው ደግሞ…» ዞር ብሎ አየ፤ ሱዙኪ ፋብሪካ የሚሠራ ደንበኛ ጋዜጣ ይዞ ተራ እየጠበቀ ነበር። «ሱዙኪ የሚነዳው በጣም ጥሩ ሰው ነው።»

ሰውየው ከጋዜጣው ቀና አላለም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኦኩሙራ ሊጨርስ ሲል አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝ። «አንተ፣ የግራ ጉንጭህን ጢም ለማን ብለህ ነው የምትተወው? ባለፈው ጊዜም እንዲሁ ነበር።» የመታጠቢያ ቤታችን አምፖል ደካማ ነው አልኩት።

ጁን 14፣ ረቡዕ

ሜዳ። ሆንዳ።

ኮረብታው ላይ ያለችው ትንሿ የሞተር መፈተኛ ሜዳ ደመና ውስጥ ነበረች። ሂራይዋ በኤፕሪል እኔን ሳያማክር የቀጠራት ኢናባ ቺዙሩ ቀድማኝ ደርሳለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ውድድር ላይ ነድታ ነድታ ስፖንሰር ሲጠፋ ወደ እኛ መጣች። «ትረዳሃለች» ነው ያለኝ። ስታወራ ቃል ትቆጥባለች፤ ስትነዳ ግን ምንም አትቆጥብም።

ሆንዳው ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና ነው። ማርሹ ሳታስበው ይገባል። ሁሉም ነገር እጅህ በሚጠብቀው ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ የሠሩት ሰዎች እጅህን ለክተው የሄዱ ይመስላል። የቀኝ ኩርባዎችን ሳይጠይቀኝ ይታጠፋል። ወደ ግራ ስንመጣ ግን ያቅማማል። ማመልከቻ እንደተሰጠው ጸሐፊ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ሜዳዋ ላይ ሦስት የግራ ኩርባዎች አሉ፣ በሦስቱም እንዲሁ።

ኢናባ ከእኔ ሁለት ሰከንድ ፈጠነች። ከነሄልሜቷ የድመት ክብደት ነው ያላት።

«ግራው ላይ ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ደህና ነው ማለት ነው።»

የልምድ ማነስ እንዲህ ነው የሚናገረው።

ጁን 15፣ ሐሙስ

ያማሃ። ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ መሆኑንም ያውቃል። የፊት ጎማው አስፋልቱ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ መሪው ለጣትህ ያወራልሃል። በቀኝ በኩል ወሬኛ ነው። በግራ ዝም።

ምሳ ላይ ሻይ ደፋሁ። ኩባያውን አንድ ሰው በግራዬ አስቀምጦት ኖሯል። ሰው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

ጁን 18፣ እሑድ

የግቢያችን በር የመኪናዋን የግራ ስፖኪዮ ገነጠለው። በሩ ቤቱን ከገዛንበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነው፤ ዛሬ ምን እንደነካው አላውቅም።

ፉሚኤ ዣንጥላ ይዛ ወጥታ ስባሪውን ለቀመች። ባለቤቴ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ነው የምትሠራው፤ ጥያቄዋም የመስኮት ጥያቄ ነው።

«አንተ፣ በሩን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ካየኸው ለምን ገጨኸው?»

ፎርም ብታቀርብልኝ እሞላላት ነበር። ከነገ ጀምሮ ሥራ በአውቶቡስ እሄዳለሁ አለችኝ፣ አየሩ ደስ ይላልና። ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ነበር።

ጁን 21፣ ረቡዕ

ሱዙኪ። በዝናብ። እጄ ቀዝቅዟል፣ በአጭሩ።

ቀላል። ማሰሪያውን ያየ ቡችላ ነው፤ ገና ጋዝ ሳትሰጠው ይዘላል። ከአራቱ በቶሎ አቅጣጫ የሚቀይረው ይሄ ነው። ወደ ቀኝ ማለቴ ነው። ግራው ላይ ሁለት ጊዜ ከመስመር ወጣሁ። ዝናቡ ነው።

ኢናባ አንድም ጊዜ አልወጣችም። ዝናቡ ይወዳታል።

ጁን 22፣ ሐሙስ

ካዋሳኪ። ከፊቱ እስከ ነዳጅ ታንከሩ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ተዘርግተውለታል፤ አየር ያስገባሉ አሉ። ቤት ለመጥረግም ይሆናሉ። ሰውነቱ ከባድ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ግን መሬቱን ቆንጥጦ ይቆማል፤ እንዲህ ያለ ፍሬን ላይ ቆሞ ሻይ መጠጣት ይቻላል። ወደ ግራ በል ስትለው ግን እንደ ሱሞ ታጋይ ከመግጠሙ በፊት መጀመሪያ ጨው ይበትናል።

አራቱ ኩባንያዎች ከሃምሳ ዘጠኙ ሌላ አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል ማለት ነው። ሻንሲያቸውን የሚሠራላቸው አንድ ሰው ይሆን? ቀልዴን ነው።

ሁለቱ ወጣት መካኒኮች ከጋራዡ ጀርባ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሽማግሌው ግራው ላይ ሲገባ አንገቱን እንደ ጉጉት ያዞራል፣ አይተኸዋል?» «አዎ፣ አያምርም።» ይሄ ትውልድ ስልት ሲያይ አያውቅም።

ጁን 27፣ ማክሰኞ

ረቂቁን ሰጠሁ። ሂራይዋ ሲጨነቅ የደረቀ የባሕር ስኩዊድ ሥጋ ያኝካል። ዛሬ ሙሉ ፓኬት ጨረሰ።

«ኩሬባያሺ፣ አራት ኩባንያ፣ አንድ በሽታ?»

«እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ኢናባ አላየችም።»

«ኢናባ ታይፕ ማድረግም አታውቅም።»

አኘከ። «ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ወር ካረምከው ገጽ ላይ በግራ ጠርዝ ያሉት አምዶች ሳይታረሙ ነው የወጡት። በጠቅላላ። ማተሚያ ቤቱን ስሳደብ ነበር፣ ለካ ያንተ እርማት ነው።»

ደክሞኝ ነበር አልኩት። እውነትም ደክሞኝ ነበር። የግራው ነገር ጎማው ሊሆን ይችላል አልኩት፤ አራቱም አንድ ዓይነት ጎማ ነው ያደረጉት። ፊቱ በራ። የእኔም በራ። ጎማ ነው። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም?

ጁን 28፣ ረቡዕ

ጎማ ነው። በእርግጠኝነት።

ጁላይ 3፣ ሰኞ

የጎማው ኩባንያ መሐንዲስ ነጭ ጓንት አድርጎ መጣ። ለአራቱም ሞተሮች አዲስ ጎማ ቀየረ፣ ለካ፣ መዘነ፣ ነፋ፣ አስተነፈሰ። ዳግም ነዳን። ለእኔ ያው ነው። ለኢናባ ያው ነው፤ የእሷ ያው ግን ሌላ ነው።

መሐንዲሱ ሦስት ጊዜ አንገቱን ዝቅ አደረገና በጣም ትሑት በሆነ ድምፅ፣

«ኩሬባያሺ ሳን፣ ጎማው ክብ ነው» አለኝ።

እንዲህ በጨዋነት የተሰደብኩበትን ቀን አላስታውስም።

ጁላይ 5፣ ረቡዕ

ሂራይዋ ርዕስ አገኘ። «ግራ የማይወድ ትውልድ»፣ ሽፋኑ ላይ በቀይ።

«አራቱም ይቆጡናል» አልኩት።

«አራቱም ከተቆጡ ማንም አልተቆጣም። አንዱ ለብቻው ሲቆጣ ነው ማስታወቂያ የሚነሣው። ችግሩ ኢናባ ናት፤ ያልተሰማኝን ተሰማኝ ብዬ አልፈርምም አለች።»

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን እንዳለ ልጻፈው። ልምድ የላትም አልኩ። አንድን ሞተር እስከ ጥግ ያልገፋ ሰው ጉድለቱ አይሰማውም አልኩ። ስሟ ከጽሑፉ ይውጣ አልኩ። ከእኔ ሁለት ሰከንድ እንደምትፈጥን እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

ስሟ ወጣ። «ለሽፋኑ ፎቶ ግን ትምጣ፣» አለ ሂራይዋ፣ «የምንፈልገው ፊቷን ነው፣ አስተያየቷን አይደለም።» ሳቅኩ። አሁን ሳስበው አያስቅም። ያኔም አላሳቀኝም፣ ግን ሳቅኩ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ስሜን ያስወጡት እርስዎ ነዎት?»

«የአዘጋጁ ውሳኔ ነው።»

አንገቷን ዝቅ አድርጋ «አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች። ማመስገኗ ነው ያንገበገበኝ። ብትሰድበኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ጁላይ 9፣ እሑድ

ፉሚኤ ኩሽና ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ራሱ እስኪነግረኝ ነው የምጠብቀው። እኔ ካነሣሁበት ይበልጥ ይደብቃል። ግን ፈራሁ፣ አንድ ቀን ሰው ይገድላል።»

የጎረቤታችን ባል መጠጥ ጀምሯል ይባላል። ስለ እሱ መሆን አለበት።

ጁላይ 13፣ ሐሙስ

ዛሬ መጻፍ አልችልም። ነገ።

ጁላይ 14፣ ዓርብ

ትናንት የሽፋኑ ፎቶ ነበር። ዝናቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አቁሞ ፀሐይ ወጥታለች። አራታችን ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለን። ኢናባ በያማሃው ከግራ ጫፍ፣ እኔ በሆንዳው ከጎኗ፣ ሁለቱ መካኒኮች በሱዙኪውና በካዋሳኪው ከቀኜ። ፎቶ አንሺው ከፊታችን በሚሄድ መኪና ላይ ተቀምጦ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ይላል። ጠጋ አልኩ። ወደ ግራ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። የመሪ ጫፍ ከመሪ ጫፍ። ከዚያ ሣር ላይ ናት፣ ከዚያ ብረቱ አጥር ሥር ናት።

ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ከየት መጣች?» ነው። ሁሉም ሰምቶኛል። ከመካኒኮቹ አንዱ፣ አንገቴን ከጉጉት ያመሳሰለው ይመስለኛል፣ ሄልሜቱን አውልቆ፣ «ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረች» አለኝ።

የቀኝ ትከሻዋ አጥንትና የቀኝ አንጓዋ ተሰብሯል። ወደ አምቡላንሱ ሲያስገቧት ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። የንዴት አልነበረም። የሆነ ነገር እያሰላች ነበር።

ጁላይ 16፣ እሑድ

ኮክ ገዝቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ከአልጋዋ አጠገብ ያለውን ወንበር አሳየችኝ፤ አልጋው በግራዬ ሆነ፣ ከፊቴ ግድግዳ ላይ ሰዓት አለ። ይቅርታ የሚመስል ነገር ጀመርኩ። ስለ ፎቶ አንሺው፣ ስለ መንገዱ ጥበት። አቋረጠችኝ።

«ኩሬባያሺ ሳን፣ እስኪ ሰዓቱን ይመልከቱልኝ። ዓይንዎን እዚያው ያድርጉ።»

አየሁ። አራት ሰዓት ከሩብ ይላል።

«ዓይንዎን ሳያነሡ ይንገሩኝ። በእጄ ምን ይዣለሁ?»

«ምንም።»

«ይዙሩ።»

ዞርኩ። ከጉንጬ አንድ ስንዝር ላይ፣ በደህናው እጇ፣ ኮክ።

ነርሷ ገብታ ወጣች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ከምን ጀምሮ ልላት አፌን ከፈትኩ። ለዚህም መልስ ነበረኝ፤ ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

«ከማርች» አልኩ።

በድምፅ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። በጽሑፍም የመጀመሪያዬ ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ እየጻፍኩ፣ በር ገጨኝ፣ ኩባያ ተደፋ፣ ጎማው፣ ዝናቡ… አውቅ ነበር። ሆስፒታል የነቃሁ ቀን ነው ያወቅኩት፤ የነርሷ ፊት ግማሹ አልነበረም።

«እኔ ራሴን ስጠራጠር ነው የከረምኩት፣» አለች ኢናባ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እሱ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው፣ ተሰማኝ ካለ አለ ማለት ነው፣ እኔ ነኝ የደነዘዝኩት ብዬ። ሌሊት ሌሊት ያንን የግራ ኩርባ በሕልሜ ስነዳው አድራለሁ። መንዳት አልችልም እንዴ እያልኩ። እና እርስዎ ያውቁ ነበር።»

ኮኩን መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው።

ጁላይ 18፣ ማክሰኞ

ዓይን ሐኪም። ባለ ቅርጫቱ ስኩተር በር ላይ ቆሟል።

አገጭህን ታስቀምጣለህ፣ መሐል ላይ ያለችውን ነጥብ ታያለህ፣ በዙሪያው ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለህ። ለራሴ አፍራለሁ ግን ልጻፈው፤ እዚያም ላታልል ሞከርኩ። በቀኝ በኩል ብልጭታው የሚመጣበትን ምት ያዝኩና በግራም በዚያው ምት መጫን ጀመርኩ። ፈተና ያለፍኩ መሰለኝ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ በትሕትና ጉሮሮውን ጠረገ። «መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ ብርሃን አያበራም። ኩሬባያሺ ሳን ያልበራውን በሙሉ አይተውታል።»

ዓይኖቼ ደህና ናቸው፤ የተጎዳው ከኋላ፣ የሚያዩትን የሚቀበለው የአንጎሌ ክፍል ነው። በሁለቱም ዓይን የግራው ግማሽ የለም። ይመለስ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። በማርች መጥቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በልምምድ አንዳንድ ነገር መልመድ እንጀምር ነበር አለ። ይመለስ ነበር አላለም። መንዳት ግን የለም። ምንም ዓይነት። ስኩተርም ጭምር፣ ሲል ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ ምናልባት አላለም።

ማታ ለፉሚኤ ነገርኳት።

«ፉሚኤ፣ በግራዬ አላይም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ?»

«ከኤፕሪል። ሰላም ስልህ እየዘለልከኝ ታልፋለህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዓይኑ ያንተ ነው። እኔ ነኝ የምነግርህ?» ሩዝ እየጨለፈች ነበር፤ ጭልፋውን አስቀምጣ ተቀመጠች። «እኔም አጥፍቻለሁ። ልጅቷ ብትሞትስ ኖሮ?» ከዚያ አለቀሰች። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ሩዙ እስኪበርድ።

ጁላይ 19፣ ረቡዕ

ለሂራይዋ የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ስኩዊዱን ረሳው። ወዳጅነት ፊቱ ላይ መጣ፤ ብዙ አልቆየም።

«ገጾቹ ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባሉ» አለ። ቀጥሎም ዓይኑ ብልጭ አለ። «ቆይ እስኪ… ‹ግማሽ ዓለም፣ አራት ሞተር›። የአንጋፋው ፈታኝ የመጨረሻ ኩርባ። ይሄ እኮ ከቀድሞው ርዕስ ይሻላል። ሰው ያለቅሳል።»

ለሃያ ዓመት ይሄን ሰው ለምን እንደወደድኩት ገባኝ፤ እንደ እኔው ነው።

«እኔ አልጻፍም። የኢናባን ጽሑፍ ታወጣለህ፣ በእሷ ስም ብቻ። ካልሆነ ወረቀቱን ይዤ አራቱም ኩባንያዎች ጋ በየተራ እሄዳለሁ።»

«የልጅቷ እጅ ተሰብሯል፤ በምን ትጽፋለች?»

«በእኔ።»

ጁላይ 20፣ ሐሙስ

ሆስፒታል፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ስገባ አላናገረችኝም። ነገሩን አስረዳኋት። መስኮቱን ስታይ ቆይታ «የምለውን ብቻ ይጽፋሉ?» አለች። የምትይውን ብቻ አልኩ።

ቀላል አይደለም። «የሆንዳው ማርሽ በትክክል ይገባል» ትላለች፤ እጄ ራሱ «እንደ ሐር» ብሎ ይጨምራል።

«‹እንደ ሐር› ይሰረዝ። ሐር ነድተው ያውቃሉ?»

ሰረዝኩ። «ጨዋ»ን ሰረዝን። «ጉልቤ»ን ሰረዝን። «ቀበጥ»ን ሰረዝን። ሃያ ዓመት ያኖረችኝ ሀብት ከምሳ በፊት አለቀች። የቀረው ይሄ ነው፦ ሆንዳው ለስሕተት ቦታ ይተዋል፣ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው አያደክምም፣ ቀለሙና ስፌቱ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ያማሃው የፊት ጎማውን ከሁሉም በተሻለ ያሳውቃል፣ ጀርባን ግን ያሳምማል። ሱዙኪው በጣም ፈጣን ምላሽ አለው፣ ጀማሪን ያስደነግጣል። ካዋሳኪው ከባድ ነው፣ በፍሬን ላይ ከሁሉም የረጋ ነው። በቀኝም በግራም አራቱም እኩል ይታጠፋሉ።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ቀስ አለች። እኔም ቀስ ብዬ ጻፍኩ።

«ንጉሡስ?» አልኳት።

«ንጉሥ የለም። ሰው በሚሄድበት መንገድ ይምረጥ።»

«ለራስሽ ቢሆን የቱን ትገዢ ነበር?»

«ያማሃውን።»

«ስለ ፊት ጎማው?»

«የወደቅኩት በሱ ስለሆነ። እሱ ምንም እንዳላጠፋ አውቃለሁ።»

ይሄንን ልጻፈው ወይ አልኳት። አይ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው አለችኝ።

ኦገስት 3፣ ሐሙስ

መንጃ ፈቃዴን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አስረከብኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ያወጣሁት። ወጣቷ ፖሊስ ፎቶዬን አይታ «በዚህኛው ላይ ይስቃሉ» አለች። የት እንደሳቅኩ ማስታወስ አቃተኝ። ወደ ቤት በእግር፣ የሩዙን ማሳ ተከትዬ። እንቁራሪቶቹ መንገዱን የያዙት ይመስላሉ። ቤት ስደርስ ጋራዡን አልከፈትኩም።

ኦገስት 21፣ ሰኞ

መጽሔቱ ወጥቷል። ደብዳቤ በከረጢት ነው የሚመጣው። የሆንዳ ወዳጆች ልጅቷ ከያማሃ ጋር ዝምድና አላት ይላሉ። የያማሃ ወዳጆች ሆንዳ ገዝቷታል ይላሉ። አንድ የሱዙኪ ሰው «ጀማሪን ያስደነግጣል» የሚለውን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፣ ኮርቶበት። ኦኩሙራ ካዋሳኪን «ከባድ» ያለችውን ልጅ ይቅር አላላትም፤ ፀጉሬን ሲቆርጥ ስለ ቤዝቦል ብቻ አወራኝ። አንዱም ሰው ግራ የምትል ቃል አላነሣም።

አንድ ደብዳቤ ለእኔ ነበረ። ከናጎያ፣ ለሃያ ዓመት ሲያነበን ከኖረ ሰው። «ኩሬባያሺ ሳን የት ገቡ? አዲሷ ጸሐፊ ድርቅ ያለች ናት፣ አትስቅም። ሆኖም በጽሑፏ ሄጄ ሞተር ገዛሁ። በእርስዎ ጽሑፍ ብዙ ስቄያለሁ፣ ግን ገዝቼ አላውቅም።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምርቃት ይሁን እርግማን ሳልለይ ለኢናባ ላክሁላት።

ሴፕቴምበር 14፣ ሐሙስ

ኢናባ ዛሬ ወደ ሜዳ ተመለሰች። ሐኪሟ ፈቅዷል፣ ትከሻዋ ገና ሙሉ አይደለም። ሂራይዋ ከእኔ ጋር እንድትሠራ ሲጠይቃት ሦስት ቀን አሰበችበት አሉ። የእኔ ሥራ አሁን የዙር ሰዓት መያዝና የምትለውን መጻፍ ነው። መካኒኮቹ ወንበሬን ግድግዳው በግራዬ፣ ሜዳው በቀኜ እንዲሆን አድርገው አስቀመጡልኝ፣ ምንም እንዳያመልጠኝ። ስላስቀመጡልኝ አላመሰገንኳቸውም፣ ቆይቼ ግን አመሰገንኩ።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እንደ ሰው ነዳች። ቀጥሎ እንደ ራሷ። በግራው ኩርባ ላይ ስትገባ የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ሲቀንስ ሰማሁና እጄ ላይ ያለውን እርሳስ ጨመቅኩ፤ ከዚያ ጋዙን ከፈተችው፣ ሙሉ በሙሉ፣ ከኩርባው ገና ሳትወጣ።

ገብታ ቆመች። የሄልሜቷን መስታወት ከፍ አደረገች፤ ላብና ድካም ነው ፊቷ ላይ ያለው። ያሰብኩትን ልነግራት ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ከጁላይ ጀምሮ ስለማመደው ነበር። ገና «ኢናባ ሳን» እንዳልኩ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችኝ።

«ይቅር አላልኩዎትም፣» አለች። «አሁን ይጻፉ። የፊቱ ፍሬን ትንሽ ዘግይቶ ይይዛል።»

ተቀምጬ ጻፍኩ።